መጸለይን መማር

ጸሎት ከልብ መሆን አለበት በሚለው ነገር ላይ ክርስቲያኖች አይጣሉም። ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ጴንጤውም ይቀበለዋል። ጠቡ የሚጀምረው ከዚህ ስምምነት ውስጥ ሌላ ሐሳብ ሾልኮ ሲወጣ ነው፤ ከልብ የሆነ ጸሎት ማለት ያልተጻፈ፣ ያልተጠና፣ በሰዓት ያልታሰረ፣ ሰው በዚያች ቅጽበት የተሰማውን በራሱ አንደበት የሚናገርበት ብቻ ነው የሚለው። ይህ አስተሳሰብ ዛሬ የአንድ ቤተ እምነት ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ ውዳሴ ማርያም ሲደገም እየሰማ ያደገ ወጣት ጭምር «መጽሐፍ አልደግምም እንጂ በልቤ እጸልያለሁ» ሲል ይሰማል። ጠጋ ብለው ቢጠይቁት ግን በልቡ የሚጸልየው ሲጨንቀው፣ ፈተና ሲደርስበት፣ የሚወደው ሰው ሆስፒታል ሲገባ ነው። ደኅና በሆነበት ሳምንት ጸሎቱም አብሮ ያርፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት ሲያልፉ «እኔ እኮ መጸለይ አልችልበትም» ብሎ ይደመድማል። አለመቻሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ጉድለቱ የልብ ድርቀት ሳይሆን ማንም ስላላስተማረው፣ መማር እንደሚያስፈልገውም ስላልተነገረው ነው። መጸለይ የሚማሩት ነገር ነው፤ ከሌላ የተቀበሉት ቃልና አስቀድሞ የተቆረጠ ሰዓትም የልብ ጸሎት የሚያድግባቸው እንጂ የሚታፈንባቸው አይደሉም።

ማስረጃው ከወንጌል ይጀምራል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ላይ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ኢየሱስ ጸልዮ እስኪጨርስ ጠብቆ፣ መጥምቁ ዮሐንስ ደቀ መዛሙርቱን እንዳስተማረ እነርሱንም መጸለይ እንዲያስተምራቸው ይለምነዋል። ጠያቂዎቹ ጸሎትን የማያውቁ አልነበሩም። በምኩራብ ያደጉ፣ መዝሙራትን ሲሰሙና ሲዘምሩ የኖሩ፣ በበዓላት ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጡ አይሁድ ነበሩ። እንደዚያም ሆኖ ገና መማር እንደሚቀራቸው አውቀዋል። መምህራቸውም የተሰማችሁን ተናገሩ ብሎ አልሸኛቸውም፤ ቃል ሰጣቸው። ዛሬ አቡነ ዘበሰማያት የምንለው ጸሎት ያ ነው። የልመናዎቹን ቅደም ተከተል ለተመለከተ ሰው ትምህርቱ ከዚያው ከአደራደሩ ይጀምራል። የተራበ ሰው ልቡን ብቻ ተከትሎ ቢጸልይ የመጀመሪያ ቃሉ እንጀራ ነው። በተሰጠው ጸሎት ግን የእግዚአብሔር ስም፣ መንግሥቱና ፈቃዱ ይቀድማሉ፤ እንጀራ በአራተኛነት ይመጣል። ይቅርታን መለመንም የበደለንን ይቅር ከማለት ጋር ታስሮ ይከተላል። የበደለውን ይቅር ለማለት ስሜቱ እስኪመጣለት የሚጠብቅ ሰው ብዙ ዘመን ይጠብቃል። ይህ ጸሎት ግን ቃሉን አስቀድሞ በአፉ ያኖርለታል። ገና ያልተስማማበትን ነገር በየቀኑ በእግዚአብሔር ፊት መናገር ሰውን ይቆረቁረዋል፤ መቆርቆሩም የትምህርቱ አካል ነው።

መምህሩም ራሱ በተማረው ቃል ሲጸልይ እናየዋለን። በመስቀል ላይ ያሰማው የመተው ጩኸት የመዝሙር 21 (በሌላው አቆጣጠር 22) መክፈቻ ነው፤ ነፍሱን ለአባቱ አደራ ያለበት ቃልም በመዝሙር 30 (31) ውስጥ የሚገኝ ነው። በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው የሚናገረው ከልቡ አይደለም የሚል አይኖርም፤ ቃሉ ግን ከልጅነት ጀምሮ የሚታወቅ ነበር። በጌቴሴማኒም ሦስተኛ ጊዜ ሄዶ ያንኑ ቃል ደግሞ እንደ ጸለየ ማቴዎስ በምዕራፍ 26 ጽፏል። ሐዋርያትም መንፈስ ቅዱስ ከወረደላቸው በኋላ የጸሎቱን ሰዓት አልተዉትም። ጴጥሮስና ዮሐንስ ወደ መቅደስ የወጡት በዘጠኝ ሰዓት፣ በጸሎት ጊዜ ነበር። ጴጥሮስ በኢዮጴ ራእይ ያየው በስድስት ሰዓት ሊጸልይ ወደ ሰገነት በወጣበት ነው። (በዚህ ነገር ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከብዙው ዓለም ይልቅ ይቀናዋል። የቀን ሰዓታችን ከንጋት ስለሚቆጠር የሐዋርያቱ ዘጠኝ ሰዓት የእኛም ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ መደመርና መቀነስ የለበትም።) ከእነርሱ ብዙ ዘመን በፊት ዳንኤል በባቢሎን በቀን ሦስት ጊዜ ወደ ኢየሩሳሌም አቅጣጫ በተከፈተ መስኮት ፊት ይንበረከክ ነበር፤ የንጉሡ አዋጅ ከወጣ በኋላም ልማዱን አላቋረጠም። ከሐዋርያት ዘመን ጥቂት ቈይቶ፣ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም በሁለተኛው መጀመሪያ ገደማ የተጻፈው ዲዳኬ የተባለው ትንሽ መጽሐፍ፣ ክርስቲያኖች ረቡዕና ዓርብን እንዲጾሙና አቡነ ዘበሰማያትን በቀን ሦስት ጊዜ እንዲጸልዩ ያዝዛል። ይህ መጽሐፍ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠፍቶ ኖሮ በ1873 ፊሎቴዎስ ብሪየኒዮስ የተባለ ሊቅ በቁስጥንጥንያ ካገኘው ብራና ላይ በ1883 ታተመ። ረቡዕና ዓርብን ለሚጾም ሕዝብ እንግዳ ነገር አልያዘም።

በዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ማቅረብ የሚፈልግ ሰው ሐናን ይጠራል። በመጽሐፈ ሳሙኤል መጀመሪያ ላይ ልጅ የተነፈገችው ይህች ሴት በሴሎ መቅደስ ቆማ በራሷ ቃል ታለቅሳለች፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ አይሰማም። ካህኑ ዔሊ እንዲህ ያለ ጸሎት ስላልለመደ የሰከረች መስሎት ይገሥጻታል። እነሆ፣ ይላል ተቃዋሚው፣ ሥርዓት የለመደው ካህን ተሳሳተ፤ ሥርዓት ያልጠበቀችው ሴት ግን ተሰማች። ነገሩ እውነት ነው፤ ታሪኩ ግን እዚያ አያበቃም። ልጁ ተወልዶ ጡት ከጣለ በኋላ ሐና ያቀረበችው የምስጋና ጸሎት ተጻፈ፤ ከእርሷ በኋላ የመጡ ሁሉ ተቀበሉት። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በኤልሳቤጥ ቤት እመቤታችን ማርያም በድንገት ስታመሰግን፣ ኃያላን ከዙፋን ሲወርዱ፣ ትሑታን ከፍ ሲሉ፣ የተራቡ ሲጠግቡ የሚያሳየው ሐሳብ ከሐና መዝሙር ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። የማርያም ጸሎት ማንም ያላዘዛት፣ በዚያች ሰዓት ከደስታ የፈለቀ ነበር። የፈለቀው ግን ከልጅነቷ የሰማችው ቃል ከሞላበት ልብ ነው። ዮናስም እንዲሁ። በዓሣ ሆድ ውስጥ የተጸለየ ጸሎት ካለ ያለ ዝግጅት የተጸለየ ነው፤ የዮናስ መጽሐፍ ምዕራፍ 2 ግን ከመዝሙራት በተለቀሙ ሐረጎች የተሞላ ነው። በእጁ መጽሐፍ አልነበረም፤ የያዘው ቀድሞ በልቡ ያስቀመጠውን ነበር። የሐና፣ የዮናስና የማርያም ጸሎቶች ዛሬ በአገራችን የዳዊት መጽሐፍ ከመዝሙራቱ ቀጥሎ በጸሎተ ነቢያት ውስጥ አብረው ይገኛሉ። አንዱ ሰው በጭንቁ የፈጠረው ቃል ለሌላው ጭንቅ መማሪያ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ኢትዮጵያ ይህን ነገር በትምህርት ቤቷ ጭምር ታውቀዋለች። በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስ አንብቦ፣ በመጨረሻ ዳዊት የደገመ ልጅ ማንበብ ቻለ ይባል ነበር፤ ንባብንና ጸሎትን የተማረው ከአንድ መጽሐፍ ነው። ያ መጽሐፍ 150ውን መዝሙርና 151ኛውን፣ ጸሎተ ነቢያትን፣ መኃልየ መኃልይን፣ ብዙ ጊዜም ለሳምንቱ ሰባት ቀናት የተከፈለውን ውዳሴ ማርያም ይዟል። በግዕዝ ከታተሙት መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያው ይኸው ዳዊት መሆኑ አይደንቅም፤ በ1513 በሮም ያሳተመው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ግዕዝን የተማረው እዚያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የኖሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ መጽሐፈ ሰዓታትን ሲደርሱም መነሻቸው ይኸው ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ የምታስተምራቸው ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት፣ ነግህ፣ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠርክ፣ የመኝታ ሰዓትና መንፈቀ ሌሊት፣ በመዝሙር 118 (119) ላይ ያለውን በቀን ሰባት ጊዜ የማመስገን ቃል ይከተላሉ። ሰባቱን ሁሉ ሳያጓድል የሚፈጽም ገዳማዊ ካልሆነ በቀር ጥቂት ነው። ቢሆንም ቀኑ ጸሎት የሚገባባቸው በሮች እንዳሉት ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ጸሎትን የሚጠራው የሆዴ ጭንቀት ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ደግሞ ሌላ።

ወደ ተቃውሞዎቹ እንሂድ። ከሁሉ የሚበልጠው ከክርስቶስ አፍ የወጣ ነው፤ በማቴዎስ ምዕራፍ 6 ላይ አሕዛብ በቃል ብዛት እንደሚሰሙ አስበው እንደሚደጋግሙ ጠቅሶ እንደ እነርሱ እንዳንሆን ያስጠነቅቃል። ታዲያ 41 ጊዜ እግዚኦ ማለት፣ በመቁጠሪያ እየቆጠሩ መጸለይ ይህ አይደለምን? ክፍሉን እስከ መጨረሻው ላነበበ ሰው የተነቀፈው መደጋገሙ ሳይሆን መደጋገሙ ይሠራል የሚለው ግምት ነው፤ ቁጥሩ ሲሞላ ሰማይ ይገደዳል የሚለው። ወዲያው ቀጥሎ የሚመጣውም የምትደግሙት ቃል አይኑራችሁ የሚል ሳይሆን የአቡነ ዘበሰማያት ቃል ራሱ ነው። ይህን የተናገረው ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ ጸልዮአል። ኢያሪኮ ላይ ዕውሩ በርጤሜዎስ ዝም በል እየተባለ ያንኑ የምሕረት ጩኸት ደጋግሞ ሲጮህ ተሰማ እንጂ አልተወቀሰም። መዝሙር 135 (136) ደግሞ በ26 ቁጥሮቹ ሁሉ አንዱን የምሕረት ሐረግ 26 ጊዜ ይመልሳል፤ መድገም በራሱ ኃጢአት ከሆነ ይህ መዝሙር ከመጽሐፍ ቅዱስ መውጣት ነበረበት። በደል የከበደው ሰው ማረኝን አንድ ጊዜ ብሎ አይበቃውም። ቁጥሩ እንዳይታክት ይረዳዋል እንጂ በእግዚአብሔር ላይ ዕዳ አይጽፍም።

ይሁን እንጂ ተቃውሞው የሚያመለክተው አደጋ እውነተኛ ነው፤ የእኔን ሐሳብ የሚደግፉ ሰዎችም ሊያድበሰብሱት አይገባም። የተሰጠ ቃል ከመለመኛነት ወደ ማስገደጃነት ሲወርድ ጸሎት መሆኑ ይቀርና አስማት ይሆናል። በክታብ ተጽፎ አንገት ላይ የሚታሰረው፣ ስሙ ተጠርቶ ጠላት እንዲወድቅ የሚነገረው፣ በዚህ ዘመንም በስልክ የሚዘዋወረው «ይህን ጸሎት ሰባት ቀን ድገም፣ ለአሥር ሰው ላክ፣ በረከት ታገኛለህ» የሚለው መልእክት ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ነገር ግን ይህ በሽታ የተጻፈ ጸሎት ብቻ በሽታ አይደለም። ያለ መጽሐፍ፣ በታላቅ ድምፅ፣ በራሱ ቃል መኪናውንና ቪዛውን «በእምነት አውጃለሁ፣ ተቀብያለሁ» የሚለው ሰባኪም የሚያደርገው ያንኑ ነው፤ ቃሌ በትክክል ከተነገረ ውጤቱ የግድ ነው ይላል። ሁለቱንም የሚፈውሳቸው በአቡነ ዘበሰማያት መካከል የተቀመጠው የፈቃድህ ይሁን ልመና ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በሥጋው ስላለው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መልሱ እንደ ልመናው አልሆነም፤ እርሱም በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 12 ላይ ይህን ሳያፍር ጻፈ። ልመናው ያልተፈጸመለት ሐዋርያ ካለ ለእኛ ዋስትና የሚሰጥ ቀመር ከየት ይመጣል?

ሌላው ጥያቄ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። እግዚአብሔር ሳንነግረው የሚያስፈልገንን ካወቀ፣ ለምን እንናገራለን? ደግሞስ ለምን በተቆረጠ ሰዓት? ሮም በ410 በጎቶች ከተዘረፈች በኋላ ወደ አፍሪካ የተሰደደች ፕሮባ የምትባል ባለጸጋ መበለት ስለ ጸሎት ብትጠይቀው፣ የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ በ412 ገደማ ረጅም ደብዳቤ ጻፈላት። መልሱ ቃላችን እግዚአብሔርን ለማሳወቅ አይደለም የሚል ነው። ሊሰጠን ያዘጋጀው ነገር ትልቅ፣ የእኛ መቀበያ ግን ጠባብ ስለሆነ ልመናው ምኞታችንን እንዲያሰፋ ይፈልጋል። ምኞቱ ሳይቋረጥ መጸለይ ይቻላል፤ ሆኖም የዓለም ጉዳይ ምኞታችንን ስለሚያቀዘቅዘው በተወሰኑ ሰዓታት በቃል የምንጸልየው ራሳችንን ለማንቃትና ምን ያህል እንደ ሄድን ለማየት ነው። ሰው በራሱ ቃል መጸለይ ነጻነቱ ነው ካለ በኋላም፣ በትክክል ከተጸለየ የሚለመነው ሁሉ በአቡነ ዘበሰማያት ውስጥ ካለው አይወጣም ይላታል። ይህ ሰው «ኑዛዜ» የተባለውን መጽሐፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጸሎት መልክ የጻፈ፣ በራሱ ቃል በመጸለይ ከሁሉ የሚታወቅ ሰው ነው። በራሱ አንደበት በቂ ችሎታ ያለው ሰው እንኳ ከተቀበለው ቃል አልራቀም።

ከዚያ ቀጥሎ የግብዝነት ክስ ይመጣል። ያልተሰማኝን መናገር ውሸት አይደለምን? ዳዊት የምደግመው ልቤ ሌላ ቦታ እያለ ከሆነ ባልደግመው አይሻልም? ስለ መዝሙራት መጀመሪያ የሚባለው ነገር፣ ለስሜታችን የተሰፉ ልብሶች አለመሆናቸው ነው። መዝሙር 87 (88) በጩኸት ይጀምራል፣ በጨለማ ያበቃል፤ በሰላም ቀን ለሚያነበው ሰው አይገጥመውም። ግን በዚያው ሰዓት በእስር ቤት፣ በጦርነት ሜዳ፣ በሕሙማን ክፍል ላለ ክርስቲያን ቃሉ የራሱ ነው። ያልተሰማኝን ስጸልይ የሌላውን ስሜት ወስጄ እጸልያለሁ፤ እኔም በጨለማ ስሆን ሌላው የእኔን ይጸልይልኛል። በስሜት ብቻ የሚጸልይ ሰው ከራሱ ክፍል አይወጣም። ስለ ልብ መቀዝቀዝ ግን የተሐድሶው መሪ ማርቲን ሉተር የጻፈው ይበልጥ ተግባራዊ ነው። በ1535 ለዊተንበርጉ ጸጉር አስተካካይ ለፒተር ቤስከንዶርፍ እንዴት እንደሚጸልይ ሲመክረው፣ ልቡ ሲቀዘቅዝ ዳዊቱን ይዞ ወደ ክፍሉ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ፣ አሥሩን ትእዛዛት፣ ጸሎተ ሃይማኖትንና መዝሙራትን እንደ ሕፃን በአፉ እንደሚል ይነግረዋል። ጥሩ ጸጉር አስተካካይ ሐሳቡንና ዓይኑን ከምላጩ እንደማያነሣ ሁሉ የሚጸልይም ሰው በቃሉ ላይ ያተኩር ይላል። ግን በቃሉ መካከል መንፈስ ቅዱስ ሐሳብን ቢከፍትለት የቀረውን ጸሎት ትቶ ዝም ብሎ ያዳምጥ። የተጻፈው ቃል ለሉተር መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም፤ ያለዚያ መነሻ ግን ሊቁ ሉተርም ቀዝቅዞ ይቀር ነበር። የተሐድሶ ወራሽ ነኝ የሚል ሰው የተጻፈ ጸሎትን የሥጋ ሥራ ሲል ይህን ደብዳቤ ማስታወስ ይጠቅመዋል።

ለወንጌላውያን ወገን ግን የሚገባውን ክብር መንፈግ አይገባም። ሰው በእግዚአብሔር ፊት ጉዳዩን በስሙ ጠርቶ፣ የባለቤቱን ሕመምና የልጁን ሱስ ሳይሸፋፍን እንዲናገር ያስተማሩት በአብዛኛው እነርሱ ናቸው። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ደግሞ፣ ከጎረቤቱ ጋር ያለውን ጠብ አንድም ጊዜ በጸሎቱ ሳይጠራ መጽሐፉን አጥፎ የሚነሣ ሰው በእኛ ዘንድ አይታጣም፤ ይህ ጸሎቱን በአፉ አድርጎ ሕይወቱን ደብቋል። ይሁን እንጂ ነጻ የሚባለው ጸሎትም የሚመስለውን ያህል ነጻ አይደለም። በማንኛውም የወንጌላውያን ጉባኤ አንድ ሰዓት ያዳመጠ ሰው የጸላዮቹን መክፈቻ፣ መሸጋገሪያና መዝጊያ ሐረግ በቃሉ ሊይዝ ይችላል፤ አዲስ አማኝም መጸለይ የሚጀምረው ነባሮቹን እየሰማ ነው። እርሱም የሚማረው ከተቀበለው ቃል ነው፤ ልዩነቱ የተቀበለው ቃል አለመጻፉ ብቻ ነው። ሁሉም ሰው በውሰት ቃል የሚጀምር ከሆነ ጥያቄው የማን ቃል የሚለው ይሆናል። እኔ ከባለፈው እሑድ ጸሎት መሪ ይልቅ ዳዊትን እመርጣለሁ፤ ዳዊት ለንዴትም፣ ለኀፍረትም፣ ለምስጋናም ቃል አለው።

የቋንቋው ተቃውሞ ከሌሎቹ ይልቅ መሠረት ያለው ነው። ግዕዝ የማይሰማ ሰው ውዳሴ ማርያምን በግዕዝ ሲያነበንብ የጸሎቱን ሐሳብ ከየት ያገኘዋል? ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 14 ላይ በመንፈስም በአእምሮም መጸለይ እንደሚሻ ይናገራል፤ ይህን ማለፍ አይቻልም። የግዕዙ ዜማ ትውልድን ከትውልድ አያይዞ የኖረ ሀብት ነው፤ በቅዳሴ ውስጥ ቦታው አይነካም። በቤት ለሚጸለይ ጸሎት ግን ዳዊቱም ውዳሴ ማርያሙም ግዕዙና አማርኛው አጠገብ ለአጠገብ ታትሞ በየመጻሕፍት መደብሩ ይሸጣል። ትርጉሙን ሳያውቅ በግዕዝ ብቻ መጽሐፍ ከሚጨርስ ሰው፣ አንድ መዝሙር በሚገባው ቋንቋ ጸልዮ የሚነሣው ይሻላል። በውጭ አገር ተወልዶ አማርኛው የተሰባበረ ልጅም በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ቢጸልይ ነውር የለበትም፤ እናቱ የሚያስፈራት የማይጸልየው ልጅ ነው።

እንግዲህ መማር የሚፈልግ ሰው ከየት ይጀምር? ከትንሹ ይጀምር። በመጀመሪያው ሳምንት ሰባቱን ሰዓት ለመሙላት የሚነሣ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሁሉንም ይተዋል። ንጋትና መኝታ ይበቃሉ። ፊትን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ቆሞ ማማተብ፣ መስገድ የሚችልም መስገድ፤ አካል የሌለበት ጸሎት ለሐሳብ መባዘን የተመቸ ነው። ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት፣ ሳይቻኮሉ፣ እያንዳንዱን ልመና ለይቶ። ከዚያ አንድ መዝሙር፤ ዛሬ 1፣ ነገ 2 እያሉ መሄድ የሚስማማውን ብቻ ከመልቀም ይሻላል፤ የሚያስቸግሩት መዝሙራት ያልጠበቅነውን የሚያስተምሩት ናቸውና። ከዚያ በራስ ቃል፣ ሰዎችን በስማቸው መጥራት፤ የሚወዱትን፣ የተጣሉትንም። የተጣሉት ስም ሲጠራ ምላስ የሚከብድ ከሆነ የዚያ ቀን ጸሎት ትልቁ ክፍል እርሱ ነው፤ ጌታም በማቴዎስ 5 መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዝዟል። በመጨረሻ ጥቂት ዝምታ። ሐሳብ ይሸሻል፤ የማይሸሽበት ሰው የለም። ሲሸሽ ራስን መውቀስ ሌላ መባዘን ነው፤ ካቆሙበት ቃል መቀጠል ብቻ ነው። በየቀኑ የተለየ ሙቀት የሚጠብቅ ሰው ይሰለቻል። ከብዙ ወራት በኋላ ግን በታክሲ ሰልፍ ላይ ወይም በቢሮ ንዴት መካከል አንድ የዳዊት ሐረግ ሳይጠራ ወደ ልቡ ይመጣበታል፤ ያን ጊዜ የሚጸልየው በራሱ ቃል ይሁን በዳዊት መለየት ያቅተዋል።

ጊዜ የለኝም የሚለው ሰበብ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ለብዙዎች እውነት ነው። በሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ፣ ከጎኅ በፊት ከቤቱ የሚወጣ ሾፌር፣ ከእስልምና ውጭ ያለ የአደባባይ አምልኮ በማይፈቀድባት በሳዑዲ ዓረቢያ በሰው ቤት የምትሠራ እኅት ሰባት ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ክፍል እንኳ የላቸውም። የጥንቶቹም ይህን ያውቁ ነበር። አውግስጢኖስ ለፕሮባ በጻፈው ደብዳቤ የግብፅ መነኮሳት አጫጭር ጸሎቶችን ቶሎ ቶሎ እንደሚወረውሩ ይነግራታል። ዮሐንስ ካስያን በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲጽፍ ከግብፃዊው አባ ይስሐቅ የተማረው የመዝሙር 69 (70) መክፈቻ፣ አምላክን ለርዳታ የሚጠራው አንድ ሐረግ፣ በሥራም በመንገድም በመኝታም የሚደገም ነበር። ከዚያም የቀደመው፣ ለሂፖሊጦስ የሚሰጠውና በእኛው በሲኖዶስ መጽሐፍ ውስጥ በግዕዝ የተጠበቀው የሐዋርያት ሥርዓት በሦስት ሰዓት ቤትህ ካለህ ጸልይ፣ ሌላ ቦታ ካለህ ግን በልብህ ጸልይ ብሎ ይፈቅዳል። በሌሊት ለሚነሣው ባለትዳርም ከሚስቱ ጋር አብሮ እንዲጸልይ ይመክራል፤ እርሷ ገና ካላመነች ግን ወደ ሌላ ክፍል ሄዶ ጸልዮ ወደ መኝታው እንዲመለስ። ባል በአንድ ቤተ እምነት፣ ሚስት በሌላ በሆኑባቸው በዛሬዎቹ የአዲስ አበባ ቤቶች ይህ ምክር አሁንም ይሠራል፤ ሁለተኛ ክፍል ለሌላቸው ደግሞ አስቀድሞ የተጻፈው የልብ ጸሎት ፈቃድ አለላቸው።